ብቻውን የቀረ ንጉሥ

«የሕዝቡን ንጉሥ ማን እንበለው?» አለ ዋኘው፣ ከአጥንት የተጠረበውን ጠጠር በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ እያደረገ።

ይህ የተጠየቀው በእታገኘሁ ቤት፣ በእታገኘሁ መደብ ላይ፣ የእታገኘሁ ጠላ እየተጠጣ ነው፤ የተጠየቀችው ግን እሷ አልነበረችም። እሷ ጋኑ አጠገብ ቆማለች። ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ሰው በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ የሚቆምበት ዘመን ነበር። ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ግንቦት፣ አገሩ ጎንደር፣ ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ ያለው ሰፈር። ዋኘው የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው፤ ቀድሞ አስተማሪ ነበርና ነገር ሲያስረዳ ጣቶቹን ጠመኔ እንደያዘ ሰው ያጣብቃቸዋል። ታከለ ደግሞ አብዮት ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ጠላውን ይስባል። በሁለቱ መሐል የሟቹ ባሏ የዓለምነው ሰንጠረዥ ተዘርግቷል። የዱሮው የእኛ ሰንጠረዥ ገበታው ጨርቅ ነው፤ በቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር መስመር ይሰፋበታል። ጠጠሮቹ ግማሹ ነጭ፣ ከአጥንት፤ ግማሹ ጥቁር፣ ከቀንድ። ዓለምነው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳለ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሰፈሩ ትልልቅ ሰው ሁሉ በዚች ክፍል ይሰበሰብ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ጨርቁ ከሣጥን ሲወጣ የዛሬው መጀመሪያው ነው።

የወጣውም በትእዛዝ ነው። ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ይመረቃል፤ ሊቀመንበሩ ጓድ ቢሻውም በሕዝብ ፊት ሰንጠረዥ ይጫወታል። ነጩ ሰፊው ሕዝብ፣ ጥቁሩ ፊውዳሉ እንዲሆን ተወስኗል። ከፊት የሚሰለፉት ትንንሾቹ፣ መደቆቹ፣ ሚሊሺያ ተባሉ። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ ካድሬ ሆነ። ፈረሱን ታከለ «ፈረስ ፈረስ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል» ብሎ በስሙ አሳለፈው። ንጉሡ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«አብዮቱ እንበለው» አለ ታከለ።

ዋኘው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እታገኘሁ ዞረ። «ጨዋታው የሚያልቀው ምን ሲሆን ነው?»

«ንጉሡ መሄጃ ሲያጣ።»

«የየትኛው ወገን ንጉሥ?»

«የማንኛቸውም። ቀድሞ መሄጃ ያጣው።»

ዋኘው ጠጠሩን ጨርቁ ላይ አኖረና እጁን ፍም እንደነካ ሰው ሰበሰበ። «አዳራሽ ሙሉ ሰው ባለበት አብዮቱ መሄጃ አጣ ሊባል ነው?»

«አያጣማ» አለ ታከለ።

«ቢያጣስ?»

«አያጣም አልኩህ እኮ። የሚጫወተው ጓድ ቢሻው አይደል እንዴ? አንተ ደግሞ ነገር ስትወድ።»

እታገኘሁ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። ሁለቱም አልሳቁም። ከብዙ ምክክር በኋላ ነጩ ንጉሥ ስም ሳያገኝ ቀረ፤ ዝም ብሎ «ነጩ» ይባል ተባለ፣ ንጉሥ የሚባለው ጥቁሩ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ጥቁሩን የሚጫወት ሰው ማግኘት ነበር። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች አንዱ ዓይኔ ፈዟል ብለዋል፣ አንዱ ረስቼዋለሁ ብለዋል፣ አያ ነጋ ደግሞ ወገቤን ያመኛል ብለዋል። ወገብ ለሰንጠረዥ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ የለም። በሕዝብ ፊት ፊውዳል ሆኖ የሚቀመጥ ጠፋ።

«ወንድምሽ ይችላል ይባላል» አለ ዋኘው፣ ዓይኑን ከጨርቁ ሳያነሣ።

ወንድሟ ሐብተ ማርያም ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ጥርሱን አልጨረሰም ነበርና እሷው ናት ያሳደገችው። ሰንጠረዡን ያስተማረው ባሏ ነው። ሆስፒታል ቁስል በማሰር ሥራ ተቀጥሮ፣ ሰው ሁሉ «ዶክተር» እያለ እየጠራው፣ አይደለሁም ማለት ሰልችቶት ይኖር ነበር። በዐቢይ ጾም መግቢያ የአንድ ወጣት ቁስል ስሙን ሳይጠይቅ አስሮ ሰደደ ተብሎ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ቀበሌው ጓሮ ካለው እስር ቤት ነው።

«ጓድ ቢሻው ሲያሸንፍ ሕዝቡ ይምረዋል ተብሏል» አለ ዋኘው። «ዛሬ ማታ ቤቱ ይገባል።»

እታገኘሁ ጠጠሮቹን እየቆጠረች ወደ ከረጢታቸው መለሰች። አንድ በአንድ ነው ያነሣቻቸው። ከሄዱ በኋላም ባዶው መደብ ላይ ብዙ ተቀመጠች። ቢሻውን ታውቀዋለች። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቅዳሜ ገበያ ካንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ተክሎ የገበሬ እጀ ጠባብ ይሰፋ ነበር። ያን ቀይ ጨርቅም የሰፋው እሱ ነው። መስመሩ እንደ ክራር ክር ቀጥ ያለ፣ ሸጋ ስፌት። ሰፍቶ ሲያመጣ እንግዶቹ መደቡን ሞልተውት ነበርና በሩ ላይ ቆመ። ዋጋውን ተቀብሎም አልሄደም፤ ሲጫወቱ እያየ ቆሞ ዋለ። ግባ ያለው አልነበረም። እሷም አላለችውም። ልብስ ሰፊ ከጸሐፊና ከባላባት ጋር መደብ ላይ አይቀመጥም፤ ያን ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነበር፣ ማንም ከነገሬ አልቆጠረውም።

እኩለ ቀን ላይ የወንድሟን ስንቅ በጨርቅ ቋጥራ ወጣች። የቀበሌው ሱቅ ደጃፍ የስኳር ሰልፍ እስከ ውኃ መውረጃው ድረስ ተዘርግቷል፤ ለቤት አንድ ኪሎ ነው፣ እሱም ቢደርስ። ሴቶቹ ስለ ጤፍ መወደድ በሹክሹክታ ያወራሉ፤ ያን ዓመት ስለ ጤፍም ቢሆን ጮኾ የሚያወራ አልነበረም። ከሰልፉ መሐል አያ ነጋ በከዘራቸው ተደግፈው ቆመዋል። የዓለምነው የልብ ወዳጅ ነበሩ። የሰንጠረዥ ወግ እንዲህ ነው፤ የሚጫወቱት ሁለት ናቸው፣ የሚናገረው ግን ተመልካቹ ነው። ሎሌም ቢሆን «ጌታዬ፣ ፈረስዎ ሞተ» ለማለት ይፈቀድለታል። በዚያ ወግ ደግሞ አያ ነጋን የሚያህል በጎንደር አልነበረም፤ ከተጫዋቾቹ ይልቅ የሚያልባቸው እሳቸውን ነበር።

«አያ ነጋ፣ ዛሬ አዳራሽ ሲገቡ አፍዎን ይያዙልኝ» አለቻቸው ጠጋ ብላ።

«ምነው እቱ፣ እኔ መች ተናግሬ አውቃለሁ?»

«የዓለምነው ተዝካር ዕለት ቄሱን ሳይቀር ሲያርሙ ነበር።»

«ስቶ ነዋ» አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ግን ፊቷን ሲያዩ ጠፋ። «እግዜር ያሳይሽ፣ አንድ ቃል አልተነፍስም። ልጁ ይውጣልን እንጂ። አሸነፍክ በሉ ካሉን አሸነፍክ ነው፤ ምላስ አጥንት የላት።»

እስር ቤቱ በቆርቆሮ የታጠረ ጓሮ ነው። ታከለ እንጀራውን በሽቦ ወጋ ወጋ አድርጎ ፈተሸና አሳለፋት፤ ለዛሬ ተብሎ ወንድሟን በአጥሩ ክፍተት እንድታነጋግረው ተፈቀደላት። ጺሙ አድጓል፤ ዓይኑ ግን ያው የቀልደኛ ዓይን ነው። ሁለቱም ስለ ጤንነት ብቻ ተጠያየቁ። በልጅነቱም ከሷ ጋር ሲሆን ብዙ አይናገርም ነበር፤ እሷም የፍቅሯን ሁሉ በትእዛዝ ነበር የምትናገረው፤ ብላ፣ ልበስ፣ ቶሎ ግባ።

«ዛሬ ተሸነፍለት» አለችው።

«መሸነፍ ቀላል መሰለሽ እትየ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከጥበቃዎቹ ጋር ሲጫወት አይቼዋለሁ። ከመብላት በቀር አያውቅም። በሩን ወለል አድርገሽ፣ ንጉሡ ያውልህ ብትይው፣ እሱ ዓይኑ ደጅ የታሰረችው በግ ላይ ነው።»

«ቀልዱን ተወኝ።»

«ቀልድ አይደለም።»

«ተሸነፍለት ብያለሁ።»

ሐብተ ማርያም፣ ዓለምነው የሞት አልጋው ላይ ሆኖ ሲያጫውተው እንኳ ለቆለት አያውቅም፤ ዓለምነውም በዚያ ነበር የሚኮራበት። ዛሬ ግን ያ ኩራት እንደ ጉሮሮ አጥንት ሆኖ ታያት። ስንቁን ተቀብሎ ጀርባውን ሲሰጣት፣ ይሰማኝ ይሆን አይሰማኝ እያለች ወደ አዳራሹ ዞረች።

አዳራሹ የአንድ ባላባት የእህል ቤት የነበረ ነው፤ ግድግዳው በኖራ ተለቅልቆ እህል እህል መሽተቱን ግን አልተወም። ሰዉ አግዳሚ ወንበሮቹን ሞልቶ በየግድግዳው ቆሟል። እታገኘሁ በጎን በኩል፣ በመስኮቱ አጠገብ ቦታ አገኘች። በመስኮቱ ወደ ግቢው ስታይ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ጀርባውን ወደ አዳራሹ ሰጥቶ ቆሟል። ኋላው ክፍት ነው። እዚያ ላይ፣ ከገመድ ጥቅል አጠገብ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ አየች። ጠርዙ በአረንጓዴ ክር ተዘምዝሟል። የዘመዘመችው እሷ ናት፤ በዐቢይ ጾም ብርድ ለወንድሟ የላከችው ነው።

ያን ዘመን የማያውቅ ይህን ላይረዳው ይችላልና ልንገራችሁ። የሚፈታ ሰው መኝታውን በብብቱ ይዞ በእግሩ በበር ይወጣል። መኝታው መኪና ላይ የሚጫን ሰው ግን በአዘዞ መንገድ ወርዶ አይመለስም፤ በማግሥቱ ስንቅ ይዛ የምትሄድ እናት «ከእንግዲህ አታምጪ» ትባላለች። ሌላ አይነገራትም።

ዋኘው ተነሥቶ ተናገረ። «ጓዶች፣ ይህ ጨዋታ የመሳፍንት መዝናኛ ነበር። ንጉሡ ተያዘ ይባልና አሸናፊውም ተሸናፊውም ተቃቅፈው ጠጅ ይጠጡ ነበር። በእኛ ዘንድ ታሪኩ ተለውጧል። የተሸነፈ ጠላት ለሁለተኛ ጨዋታ አይሰለፍም። ዛሬ ፊውዳሉ በፊታችሁ ተሸንፎ ይወገዳል፤ እስከ መጨረሻው ተከታተሉ።»

ተጨበጨበ። እታገኘሁም አጨበጨበች፤ የማታጨበጭብ ትታያለችና። የጠጠሮቹ አካሄድ እንደ ዱሮው ነው፤ ፈረሱ እንደ ፈረስ ይዘላል፣ መደቁ እንደ መደቅ አንድ አንድ ይራመዳል። የተለወጠው ወሬው ብቻ ነው። ግን ወሬው ሲለወጥ የጨዋታው መጨረሻ አብሮ ተለውጧል፤ ተሸናፊ ሆኖ ተነሥቶ ቤት መግባት የሚባል ነገር ከውስጡ ወጥቷል። ጠዋት «ማታ ቤቱ ይገባል» ያሏትን አስታወሰች፤ በአጥሩ ክፍተት «ተሸነፍለት» ያለችውንም። ቃሏ ተመልሶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። አሁን ሄዳ፣ አይደለም ወንድሜ፣ እንዳትሸነፍ ልትለው አትችልም። እንዲያሸንፍ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም፤ አብዮቱን በሕዝብ ፊት መሄጃ ያሳጣ ሰው መኪናም አያስፈልገውም።

ሐብተ ማርያም ገባ። እጁ አልታሰረም። ጨርቁ ፊት ሲቀመጥ ዓይኑ በመስኮቱ ወጥቶ ጥቂት ቆየ፤ ብርድ ልብሱን እንዳየው አወቀች። ከዚያ ተመልሶ ጠጠሮቹን መደርደር ጀመረ። ቢሻው ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ካኪ ለብሷል፤ የመሐል ጣቱ ላይ የልብስ ሰፊነቱ የመርፌ ጠባሳ አሁንም አለ። ጨርቁን በመዳፉ ሁለት ጊዜ ዳሰሰው።

«ልቀቅልኝ አላልኩህም» አለው። «ብትለቅልኝ አውቃለሁ።»

«እሺ ጓድ ሊቀመንበር።»

በዱሮው ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዳሻቸው ያሰልፋሉ፤ ወረራ ይባላል። የቢሻው እጅ እየተጣደፈ ሚሊሺያዎቹን ወደ ፊት ነዳ። ሐብተ ማርያም ግን በረጋ እጅ ጥቂት ብቻ አንቀሳቀሰ። ቢሻው የመጀመሪያውን ጥቁር መደቅ ሲበላ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ዋኘው «ይውደም» ሲል ሕዝቡ «ይውደም» አለ። ከዚያ ተራ በተራ ሆነ። ቢሻው ሁለተኛ በላ። ሦስተኛ በላ። በየመብላቱ «ይውደም» ይባላል። እታገኘሁ ሰንጠረዥ ተጫውታ አታውቅም፤ ሴት ልጅ አትቀመጥበትም ነበር። ግን ስንት ዘመን ጠላ ስትቀዳ በእንግዶቹ ትከሻ ላይ ሆና አይታዋለች፤ የማይጫወት ዓይን ደግሞ ከሚጫወተው አያንስም። ጥቁሩ ንጉሥ ጥግ ላይ ተጋልጦ አየችው። ቢሻው ፈረሱን ወደዚያ ቢያዘልለው አለቀ። ወንድሟ በሩን ከፍቶለታል፤ ምክሯን ሰምቷል ማለት ነው።

ቢሻው አላየውም። በሌላው ጥግ የቆመውን ጥቁር ፈረስ በላ። «ይውደም።» አያ ነጋ ከአግዳሚው ብድግ ሊሉ ሲሉ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው አንቀው ተቀመጡ፤ መንጋጋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ቃል ግን አልወጣቸውም። ሐብተ ማርያም በተራው ንጉሡን ከዚያ ጥግ አወጣ፤ አውጥቶም ፈርዙን ቢሻው ደጃፍ ላይ አቆመለት። ቢሻው በላው። አሁንም ንጉሡን አንድ እርምጃ አሸሸ፤ አንድ መደቅ ሰጠ። ቢሻው በላ።

ያኔ ነው የገባት። ወንድሟ እየተሸነፈ አልነበረም። ልብሱን አንድ በአንድ እያወለቀ እንደሚጥል ሰው ነበር፤ ያን ሆዳም እጅ እያበላ፣ በመብላቱ ጊዜ ንጉሡን ከሞት እያራቀ፣ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ ነው። የት እንደሆነ አወቀች። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

በመጨረሻ ቢሻው የመጨረሻዋን ጥቁር መደቅ አነሣ። ጨርቁ ላይ ነጮቹ እንደ መንጋ ሞልተዋል፤ በመካከላቸው ጥቁሩ ንጉሥ ብቻውን ቆሟል፣ አንድ ስንኳ ጠባቂ የለው። ዋኘው ዘሎ ተነሣ። «ፊውዳሊዝም ተደመሰሰ!» ጭብጨባው ጣራውን አነሣው። መኪናው ግቢው ውስጥ ሞተሩን አስነሣ፤ ታከለ ወደ ሐብተ ማርያም አንድ እርምጃ ቀረበ።

ቢሻው እጁን አነሣ። ጭብጨባው ቆመ። ሳቅ ፊቱ ላይ አልነበረም።

«አያ ነጋ፣ እርስዎ ያውቃሉ» አለ። «አሸነፍኩ?»

ሽማግሌው ተነሡ። «አሸንፈህ እንጂ ጌታዬ። ምን ቀረለት ደግሞ? አጸዳኸው እኮ።» በመልካም ልብ ነው ያሉት፤ ልጁን ያወጡ መስሏቸው ነው። ከኋላቸው ያሉት ሌላ ሽማግሌም «የለየለት ድል ነው» አሉ። እታገኘሁ የመኪናውን ሞተር ትሰማለች። የሽማግሌዎቹ ደግነት ወንድሟን ክንዱን ይዞ ወደ መኪናው እየወሰደው እንደሆነ ታያት።

ቢሻው ዓይኑን በአዳራሹ ላይ አዞረና እሷ ላይ አቆመው። «ጓድ እታገኘሁ። አንቺ የሰንጠረዡ ባለቤት ነሽ። ምን ትያለሽ?»

አዎ ብትል መኪናው አለ። አይደለም ብትል፣ ሕዝብ ፊት ሊቀመንበሩን አዋረደች ተብሎ ሁለት ብርድ ልብስ ሊጫን ይችላል። ወንድሟን አየችው፤ አላያትም፣ ብቻውን የቆመውን ንጉሥ ነው የሚያየው።

«እኩል ነው» አለች። «ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም። አሸናፊም የለም፣ ተሸናፊም የለም።»

አንድ ሰው ሳል ጀምሮ ተወው። ዋኘው «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህማ የፊውዳሎች ሕግ ነው፣ በእኛ ዘንድ...» ሲል ቢሻው ሳያየው «ዝም በል» አለው።

ከዚያ ጨርቁን ዳሰሰ። «ይቺን ሰፍቼ ያመጣሁ ዕለት» አለ ለራሱ እንደሚናገር፣ «አያ ዓለምነው ይህንኑ ሲል ሰምቼዋለሁ። በር ላይ ቆሜ።» ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ያን ቀን ራቁት ንጉሥ አይነካም ብለው የጮኹት እርስዎ ነበሩ፣ አያ ነጋ። እስከ ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር።» ሽማግሌው ራሳቸውን ደፉ። የቢሻው ፊት እንደ ተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ ለእንግዳ ቤቱን አዘጋጅቶ ማንም ያልመጣለት ሰው ይመስል ነበር። ይህ ደግሞ ከቁጣ ይልቅ የሚያስፈራ ነው።

«ታከለ፣ ብርድ ልብሱን አውርድ» አለ። «ነገ እንደገና እንጫወታለን። እኔ በትክክል ነው ማሸነፍ የምፈልገው። አንቺም ስንቁን አምጪለት።»

በዚያ ዓመት በጎንደር ስንቅ አምጪ ከመባል የበለጠ የምሥራች አልነበረም። እታገኘሁ እጅ ነሣች፤ ቀና ብላም መስኮቱን ተደገፈች። ሰዉ ከአግዳሚው እየተነሣ፣ እርስ በርሱ ሳይተያይ ይወጣል። መኪናው ሞተሩን አጠፋ። ነገ አለ ማለት ነው። ነገ ወንድሟ ሳያሸንፍም ሳይሸነፍም መዋል አለበት፤ ከነገ ወዲያም። ይህ እስከ መቼ እንደሚቻል ለማሰብ አልደፈረችም።

ስትወጣ ቢሻው አሁንም ከጨርቁ አልተነሣም።

«የቱ ላይ ነው ያመለጠኝ?» አለው ሐብተ ማርያምን፤ ድምፁ ሊማር የመጣ ሰው ድምፅ ነበር።

ሐብተ ማርያም ጠጠሮቹን እያነሣ መልሶ ይደረድር ጀመር። እታገኘሁ በሩ ላይ ቆመች። ጥግ ላይ የነበረውን ያን ትክክለኛውን ቦታ እንዳያሳየው በልቧ ለመነች። ወንድሟ ጥቂት አመነታና በሌላው ጥግ፣ ምንም ባልነበረበት ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «እዚህ ላይ ነበር ጓድ ሊቀመንበር። ቸኮሉ።»

ቢሻው ጎንበስ ብሎ አየ። ራሱን ነቀነቀ፤ «እዚህ ላይ» አለ። ከዚያ ዓይኑ፣ እንደ መርፌ፣ መስመር መስመሩን ይዞ በጨርቁ ላይ ቀስ እያለ ሄደ፤ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ፤ ፈረሱ ዘሎ ንጉሡን ሊይዝበት ይችል የነበረው ቦታ ላይ ሲደርስም እዚያው ቀረ።